የፕሮፌሰር ይሻው አረም

እሺ፣ እሺ፣ እባካችሁ አንዴ ጸጥ በሉልኝ! ማይኩ ይሰማል? ከወደ ኋላ ያላችሁ፣ ሥጋው አያልቅባችሁም፣ ሳህኑን አስቀምጡና ስሙኝ። ፕሮፌሰር ይሻው፣ ወይዘሮ ዝናሽ፣ ዲናችን ዶክተር ታምራት፣ የኮሌጃችን መምህራንና ሠራተኞች፣ ከሐሙሲት ድረስ የመጣችሁ የፕሮፌሰር ዘመዶች፣ ወደ ጡረታ ሽኝታቸው እንኳን ደህና መጣችሁ። የማታውቁኝ ካላችሁ ውብአለም እባላለሁ፣ የይፋግ ልጅ ነኝ። ድሮ የፕሮፌሰር ተማሪ ነበርኩ፤ አሁን የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ንግግር አድርጊ ሲሉኝ "አጭር ይሁን" ብለውኛል። እሞክራለሁ። ግን ያስተማሩኝ ሰው ሙጃ በሚባለው አረም አንዲት ቅጠል ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያወሩ ሰው ናቸውና፣ ቢረዝምባችሁ ጥፋቱ የመምህሬ ነው።

ከመጡበት ቀን ልጀምር። እኔ ያኔ አልነበርኩም። የነገሩኝ እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ የዲን ቢሮ ጸሐፊ ሆነው ስንቱን ዲን አስገብተው ስንቱን አስወጥተዋል፣ እዚህ ግቢ ውስጥ የሆነ ነገር አያመልጣቸውም።

ፕሮፌሰር ያኔ ዶክተር ነበሩ። "ውጭ አገር የተማረ ሰው ሊመጣልን ነው" ተብሎ ኮሌጁ ሽር ጉድ ይላል። የዚያን ጊዜው ዲን ከረባታቸውን አስረው መኪና ይመጣል ብለው መንገድ መንገዱን ያያሉ። እሳቸው ደግሞ በእግራቸው ከች አሉ። ቦቲ ጫማ አድርገዋል፣ ትከሻቸው ላይ ማዳበሪያ ተሸክመዋል። ዘበኛው አስቆማቸው።

"ወዴት ነው?"

"እዚህ ልሠራ ነው የመጣሁት።"

"የያዝከው ምንድን ነው?"

"ዘር ነው።"

"እህል አቅራቢ በጓሮ በር ነው የሚገባው! ወደ ወጥ ቤት ሂድ!"

ሄዱ። ሳይከራከሩ ሄዱ እኮ! በኋላ "ለምን ዶክተር ነኝ አላሉትም?" ብለን ስንጠይቃቸው ምን ቢሉን ጥሩ ነው? "ወጥ ቤቱ የት እንደሆነ ማወቁ አይከፋም ብዬ ነው።"

የወጥ ቤቷ አለቃ ስንዴ መጣልኝ ብላ እጇን ማዳበሪያው ውስጥ ሰደደች። ዘገነች፣ አየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። "ይሄ ምንድን ነው?" እሳቸውም በዚያ በማይዋሽ አፋቸው "እንክርዳድ" አሏት። በቃ! እንክርዳድ የገባበት ዳቦ ራስ እንደሚያዞር እዚህ አገር የማያውቅ የለም። "ተማሪ ልትፈጅብኝ ነው!" ብላ ማማሰያዋን አነሳች። ዲኑ ጩኸት ሰምተው ሲደርሱ፣ ሲጠብቋቸው የነበሩትን ምሁር ከግድግዳና ከዱቄት ጆንያ መሐል ተወሽቀው አገኟቸው። "ሰውዬ፣ አንተ ማነህ?" ቢሏቸው "ዶክተር ይሻው ነኝ" አሉ። እትዬ አሰለፈች እንደሚሉት ዲኑ ከረባታቸውን ፈቱት።

ያ የማዳበሪያ እንክርዳድ ከላብራቶሪው ጀርባ ባለችው ማሳ ላይ ተዘራ። ዛሬ ያቺን ማሳ የማያውቃት የለም። በአንድ ወገን ገብስና ሙጃ፣ በሌላው ስንዴና እንክርዳድ ተቃቅፈው ይበቅሉባታል። ሰው ሁሉ አረም ሲነቅል እኛ ቤት አረም ተዘርቶ፣ ተኮትኩቶ፣ ውኃ ጠጥቶ ያድጋል። አንድ ጊዜ አንድ ቄስ ሊጎበኙ መጥተው፣ ዙሪያውን አይተው አይተው፣ "እንክርዳድ የሚዘራ ጠላት አለ እያልን ስናስተምር ኖረን፣ ይኸው ዛሬ በዓይናችን አየነው!" አሉ። ፕሮፌሰርም ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙና "አባ፣ ጠላትስ የሚዘራው ሰው ሲተኛ ነው፤ እኔ በጠራራ ፀሐይ ነው" አሏቸው።

አባታቸውም መጥተው ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ልጃቸው የሚሠራበትን ለማየት ከሐሙሲት ተነስተው ሲመጡ ፕሮፌሰር ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሽማግሌው እየተዘዋወሩ ሳለ ማሳዋን አገኟት። ገብሱ በሙጃ ተውጧል። ደነገጡ። ጋቢያቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ከጥግ ጀምረው ማረም ያዙ። ፕሮፌሰር ከክፍል ወጥተው ሲያዩ ሦስት መደብ ንጹሕ ሆኗል።

"አባባ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ላግዝህ ብየ ነው ልጄ። ምነው እንዲህ ታስነውረናለህ? አላፊ አግዳሚው የሰነፍ ልጅ ቢለንስ?"

"አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ የዘራሁት።"

"ገብሱን?"

"ሙጃውን።"

ሽማግሌው ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። "ሙጃ ለመዝራት ነው ባሕር የተሻገርኸው?" ፕሮፌሰር ቁጭ ብለው አስረዷቸው። የትኛው ገብስ ነው ከአረም ጋር ታግሎ የሚያሸንፈው፣ እሱን ለማወቅ ሁለቱን ማታገል ያስፈልጋል አሏቸው። አባት አዳምጠው ሲያበቁ ጋቢያቸውን እየደረቡ "እንግዲያስ ፍጠን። እኛ ዘንድ ሙጃው ሳይዘሩት ነው የሚበቅል" አሏቸው። ፕሮፌሰር በፍጥነቱ ትንሽ አሳፍረዋቸዋል፤ ብዙ ዓመት ፈጀ። ግን ዛሬ ከጉና ሥር ያለ ገበሬ "የይሻው ገብስ" ብሎ የሚዘራው ገብስ ከዚያች ማሳ የወጣ ነው። አባታቸው ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

እንግዲህ ስለዚህች ማሳ ሁላችሁም የምታውቁት ነገር አለ፤ በድግስ ቀን አላነሳውም ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ፕሮፌሰር ጡረታ ሲወጡ ማሳዋ ባለቤት የላትምና የመኪና ማቆሚያ ትሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ የቀረበ ቀን እሳቸውም ስብሰባው ላይ ነበሩ። ሁላችንም ዞር ብለን አየናቸው። እስክሪብቷቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙና ኪሳቸው ከተቱት። "ከወንበር የወረደ ሰው ወንበር ላይ ያለውን አያስቸግርም" የሚል ደንብ አላቸው፣ እሳቸውም አንድ ጊዜ ዲን ነበሩና፣ ዲንነቱን ከለቀቁ ጀምሮ ለራሳቸው ያወጡት። የመልቀቂያ ክሊራንሱ ላይም "ማሳውን አስረክቤያለሁ" ብለው ፈረሙ። ከዚያ ዘሩን ሁሉ ለቅመው በማዳበሪያ ሞሉና ወደ ቤታቸው ይዘው ሄዱ። ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ዝናሽ በር ላይ ቆመው፣ "ይሄ ነገር ጎመኔ አጠገብ ድርሽ እንዳይል! አንተን አግብቻለሁ፣ እንክርዳድህን አላገባሁም!" አሏቸው አሉ። ማዳበሪያው እስካሁን በረንዳ ላይ ነው። ልክ ነኝ ወይዘሮ ዝናሽ? ይኸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስለ ክሊራንስ ካነሳሁ አይቀር፣ ፕሮፌሰር፣ ሰሞኑን ሲያመላልሱዎት እንደሰነበቱ አውቃለሁ። ንብረት ክፍል ሲሄዱ "መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት"፣ ቤተ መጻሕፍት ሲሄዱ "ማኅተሙ አይነበብም፣ ይመለሱ"። ትናንት ኮሪደሩ ላይ አግኝቼዎት "ውብአለም፣ እዚህ ኮሌጅ ስገባ በወጥ ቤት በኩል ቀላል ነበር፤ መውጫው ነው የጠፋኝ" አሉኝ። ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ምክንያት ነበረን። እደርስበታለሁ።

አሁን ወደ አመላቸው። የዚህን ሰው አመል ልጥቀስ ብል ሌላ ድግስ ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ። እስቲ አብራችሁኝ በሉ፦ አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ተነስቶ "እንዲህ ሆኗል" ሲል ፕሮፌሰር ምንድን ነው የሚሉት?

አዎ! "አይተኸዋል?" ሰውየው "ሰምቼ ነው" ካለ አለቀለት። "ወጥተን እንየው!"

ክፍል ውስጥም ያው ነው። "ቅጠሉ ጸጉራም ነው" ብሎ ከመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ "አይተኸዋል? ወጥተን እንየው" ይባላል። ስልሳ ተማሪ ተግተልትሎ ይወጣል። ጠመኔ ይዘው ሰሌዳ ላይ ከቆሙት ይልቅ ጭቃ ላይ ተንበርክከው ያስተማሩን ይበልጣል። ዲን ሲሆኑ ይሄ አመል ይለቃቸዋል ብለን ነበር። ምን ይለቃል! የአስተዳደር ጉባኤ ተቀምጦ "የወንዶቹ ሽንት ቤት ፈሷል" የሚል ሪፖርት ቀረበ። "አይታችሁታል?" አይተነዋል የሚል ጠፋ። "ወጥተን እንየው!" ጉባኤው በሙሉ፣ ሱፍ የለበሰው ሁሉ፣ አፍንጫውን ይዞ ተሰለፈ። ዶክተር ታምራት እዚህ ምስክር ናቸው፤ ያን ዕለት አዲስ ጫማ ነበር ያደረጉት። ሽንት ቤቱ ግን በዚያው ሳምንት ተሠራ። ቁጭ ብለን ብንነጋገርበት እስከ ዛሬ አጀንዳ በሆነ ነበር።

ደግሞ ያቺ ታዋቂዋ ታሪክ አለች። ኮሌጃችን አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መታወቂያ ሳይሰጠው በፊት የሚነገረው ታሪክ ነው፤ እንግዶች ስላላችሁ ልድገመው።

ምረቃው ነሐሴ ላይ የዋለበት ዓመት ነው። ክረምቱ አይሎ ግቢው ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። እንግዶች ሊመጡ ነው። ፕሮፌሰር ዲን ናቸውና "በግቢው ውስጥ የበቀለ ማንኛውም አረም ተለቅሞ እንዲወገድ" የሚል ማስታወቂያ አስለጥፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄዱ። ሠራተኛው ማጭዱን ስሎ ወጣ። ሲመለሱ በሩ ላይ በኩራት ተቀበሏቸው።

"ፕሮፌሰር፣ ግቢው እንደ እንቁላል ነጥቷል! ያ ከላብራቶሪው ጀርባ ያለው ግን ጉድ ነበር። አረም ሆኖልዎት፣ ማን እንደተወው እንጃ! ሥሩን ሳናስቀር ነው የነቀልነው።"

እሳቸው ቀስ ብለው "ማን አዘዛችሁ?" አሉ።

"እርስዎ ነዎታ!" ብለው ማስታወቂያውን ከግድግዳው ነቅለው አመጡላቸው።

አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩት። "ፊርማው የኔ ነው" አሉና ወደ ማሳዋ ሄዱ። የዚያ ዓመት ሥራ ለከብት ተሰጥቶ ተበልቷል። ሠራተኞቹ ነገሩ ሲገባቸው ተሸማቀቁ። እሳቸው ግን አንዱንም አልተቆጡም። "ደህና አድርጋችሁ ነው የነቀላችሁት" ብቻ አሏቸው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ እትዬ አሰለፈች መጥተው ደብዳቤ ያስጽፏቸው ጀመር። "ለኮሌጁ ዲን። ጉዳዩ፦ የምርምር ማሳ በሽቦ እንዲታጠር ስለመጠየቅ።" እትዬ አሰለፈች እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ።

"ፕሮፌሰር፣ ይሄ ደብዳቤ ለማን ነው የሚደርሰው?"

"ለዲኑ።"

"ዲኑ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"አሁን ተመራማሪ ነኝ። ዲኑ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ።"

ዲኑ ከሰዓት ገቡ! ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደብዳቤውን አነበቡ፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ። መልስ ሳይሰጡ ቀናት አለፉ። እትዬ አሰለፈች "ተመራማሪው መልስ እየጠበቁ ነው" ሲሏቸው "ይታገሡ፣ ጉዳዩ እየታየ ነው" ይሏቸዋል። በመጨረሻ መልሱ ወጣ። "ያቀረቡት ጥያቄ አግባብነት ያለው ቢሆንም፣ በአሁኑ ጊዜ ተቀባይነት አላገኘም።" ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው፣ ለራሳቸው ሰጡ። ከዚያ ተመራማሪው ደብዳቤውን ይዘው ሻይ ቤት ገቡና "ይሄ ዲን ለምርምር ደንታ የለውም!" እያሉ ሲያማርሩ ዋሉ። ከሳሹም እሳቸው፣ ዳኛውም እሳቸው፣ የተፈረደባቸውም እሳቸው!

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ሰው በነገረኝ ቁጥር ስስቅ ነው የኖርኩት። እኔ ራሴ ለስንት ሰው ነግሬዋለሁ።

አሁን ግን ትንሽ ታገሡኝ፤ ያልሰማችሁት ግማሽ አለ። እኔም የሰማሁት በቅርቡ ነው።

በዚያ በነሐሴ እኔ አንደኛ ዓመት ነበርኩ። እኛ ገና ፈተናችንን አልጨረስንም። የሴቶቹ ዶርም ያኔ ከግቢው ጫፍ ነበር፣ ጀርባው ለሜዳ ክፍት ነው። ቧንቧው ደግሞ ያለው በዚያው በጀርባ በኩል። አንድ ቀን ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከዶርም ጓደኛዬ ከኤደን ጋር ጀሪካን ይዘን ስንወጣ ጅብ ከቧንቧው ሥር ቆሞ አገኘነው። ጀሪካኑን ጥለን እንዴት እንደገባን አላውቅም። ከዚያ በኋላ ውኃ የሚቀዳ ጠፋ። ፊታችንን ሳንታጠብ ፈተና እንገባለን። ሁለት ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ከመካከላቸው አንዷ ጭራሽ አልተመለሰችም። እኔም አባቴ ጋ ደውዬ "ና ውሰደኝ" ብዬ ነበር። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ትምህርቴ እዚያች ቧንቧ ላይ ሊያበቃ ነበር።

ኤደን "ሳንናገርማ አንሄድም" ብላ ጎትታ ዲኑ ቢሮ አስገባችኝ። የክፍል መምህራችንም ስለሆኑ ያውቁናል። "ጅብ መጥቷል" አልናቸው። ምን እንዳሉን ታውቃላችሁ።

"አይታችሁታል?"

"አይተነዋል!" ብዬ ጮህኩባቸው። እያለቀስኩ ነበር።

"ወጥተን እንየው።"

ቦቲያቸውን አድርገው መጡ። ጭቃው ላይ የጅቡን ኮቴ ጎንበስ ብለው አዩ። ከቧንቧው እስከ በራችን ድረስ ያለውን በእርምጃ ለኩ። "አባትሽን ጥቂት ቀን ቆይ በይው" አሉኝና ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የንብረት ክፍሉ ጋሽ ደምሴ ከሠራተኞቻቸው ጋር ሽቦ ተሸክመው መጥተው የዶርማችንን ጀርባ ዙሪያውን አጠሩልን። አባቴ ሲመጣ እኔ ውኃ ቀድቼ ልብስ እያጠብኩ አገኘኝ። "ታዲያ ለምን አስመጣሽኝ?" ብሎ ተቆጥቶኝ ተመለሰ።

ሽቦው ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። ያኔ ሽቦ ከመንግሥት የሚመጣ ይመስለኛል፣ በቃ።

ባለፈው ወር የማሳዋ ነገር እንቅልፍ ቢነሳኝ ጋሽ ደምሴ ጋ ሄድኩ። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ናቸው፣ ይኸው እዚያ ጥግ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። "ጋሽ ደምሴ፣ ለፕሮፌሰር ማሳ የሚሆን ሽቦ ይኖራል?" አልኳቸው። ሳቅ አሉና "የዚያ ማሳ ሽቦ እኮ እናንተ ዶርም ጀርባ ነው የታጠረው" አሉኝ።

በዚያ ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ሽቦ ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ነበር። ዲኑ "ጉዳዩ እየታየ ነው" ባሉባቸው ቀናት ፕሮፌሰር እየተመላለሱ "ደምሴ፣ ብናሳሳው ለሁለቱም አይበቃም?" ይሏቸው ነበር። ጋሽ ደምሴም "ጅብ በሳሳ ሽቦ አይመለስም" ብለው ቁርጡን ነገሯቸው። ያን ቀን ነው ተመልሰው ተመራማሪውን "ተቀባይነት አላገኘም" ያሉት። ለጋሽ ደምሴም "ለልጆቹ እንዳትነግር። ውኃ በቀዱ ቁጥር የሰው ዕዳ እንዲሰማቸው አልፈልግም" አሏቸው። ሻይ ቤት ገብተው ዲኑን ሲያሙም ሰው እንዲስቅና ምክንያቱን እንዳይጠይቅ ኖሯል። እኛም ሳቅን። ስንስቅ ኖርን።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ይባላል፤ እኛ አገር ስድብ ነው። እኔ ግን ያ ሰው የራሱን እያሳረረ የኔን ባያማስልልኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ ማይክ ይዤ አልቆምም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሽቦ በመጣ ቁጥር ሌላ የባሰ ነገር አይጠፋም፤ አንዴ ክሊኒኩ፣ አንዴ የውኃ ጉድጓዱ። "የኔ ተራ ይደርሳል" ይላሉ። ማሳዋን በየዓመቱ በእሾህ ነው ያጠሩት፣ ራሳቸው ቆርጠው፣ ራሳቸው ጎትተው። ፕሮፌሰር የሚባል ማዕረግ ይዘው እንኳ ግቢው ውስጥ የግራር ቅርንጫፍ ሲጎትቱ እናያቸውና "ፕሮፌሰር ደግሞ ቆጥቋጣ ናቸው፣ አንድ ሽቦ አይገዙም?" እያልን እንቀልድ ነበር። እሾህ የወጋው እጃቸውን እኔ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ፕሮፌሰር፣ ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ብዙ አውቃለሁ። ለራሱ "አይሆንም" ብሎ የፈረመ ግን ከእርስዎ ሌላ አላየሁም። አመሰግንዎታለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ኤደን ዛሬ ሐሙሲት ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ ተማሪዎቿን "ወጥተን እንየው" ትላቸዋለች አሉ። ክፉ አመል አስተላልፈዋል።

ይቅርታ፣ ውኃ አቀብሉኝ።

አሁን ወደ ክሊራንሱ። እትዬ አሰለፈች፣ ያቺን ወረቀት ይስጡኝ። እትዬ አሰለፈች ከፋይሉ ውስጥ የድሮውን ማመልከቻ አውጥተው፣ ለዶክተር ታምራት አቅርበው፣ ይግባኝ ጠይቀውልዎታል። ጉባኤው ተቀምጧል። እንደ ደንቡ አልተቀመጠም፤ መጀመሪያ ወጥቶ ማሳዋን አየ፣ ከዚያ ተቀመጠ። ላንብበው።

"ለተመራማሪ ይሻው። የምርምር ማሳዎ በሽቦ እንዲታጠርልዎ ላቀረቡት ማመልከቻ ምላሽ ስለመስጠት። ጥያቄዎ በዚያን ጊዜ በነበሩት ዲን ውድቅ ተደርጎ የነበረ ሲሆን፣ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ተቀባይነት አግኝቷል። መኪናዎች ሌላ ቦታ ይቆማሉ። ማሳው የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል የመስክ መማሪያ ሆኖ ይቀጥላል። ምላሹ በመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።" ፊርማ፣ ማኅተም። ማኅተሙ ይነበባል፣ አረጋግጫለሁ።

ቆዩ፣ አታጨብጭቡ፣ አልጨረስኩም። ፕሮፌሰር፣ እባክዎ አያልቅሱ፤ እርስዎ ካለቀሱ እኔም አልችልም።

የሴቶቹ ዶርም አምና በብሎኬት ታጥሯል። አሮጌው ሽቦ ተጠቅልሎ መጋዘን ገብቶ ነበር። ጋሽ ደምሴ አውጥተው አሳዩኝ፤ እዚህም እዚያም ዝጓል፣ አንድ ቦታ የኛ የልብስ ማስጫ ገመድ እንደታሰረበት አለ። ለኤደን ደወልኩላት። እሷ ለሌሎቹ ደወለች። በዚያ ዶርም የነበርን ሴቶች ተሰባሰብን። ከልጇ ጋር የመጣችም አለች። እርስዎ ከንብረት ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ንብረት ክፍል ሲባሉ፣ እኛ ከላብራቶሪው ጀርባ ምሰሶ እየተከልን ነበር። እርስዎ በዚያ በኩል እንዳያልፉ ነው ያመላለስንዎት። ሽቦውን የወጠርነው ራሳችን ነን፤ ትንሽ ተንጋዷል፣ አይፍረዱብን። በሩ ቁልፍ አለው፤ አንዱ እኔ ጋ ነው፣ ሌላው ይኸውልዎ። ሰኔ ሲገባ ማዳበሪያውን ከበረንዳው አንስተው ይምጡ። ወይዘሮ ዝናሽ፣ ጎመንዎ ተርፏል።

በሉ፣ ብርጭቆአችሁን አንሱ። ጠላው እትዬ አሰለፈች የጠመቁት ነው፣ እንክርዳድ የለበትም ብለው ምለውልኛል፤ ራሱን የሚያዞረው ካለ ፕሮፌሰርን ያማክር። ፕሮፌሰር ይሻው፣ የደከመው ጉልበትዎ ይረፍ፤ ዓይንዎ ግን አይረፍ። የዘሩት ሁሉ፣ አረሙም ገብሱም እኛም፣ በቅሎ ያሳይዎ። ከወይዘሮ ዝናሽ ጋር ያለ ክሊራንስ፣ ያለ ስብሰባ፣ በጤና ለብዙ ክረምት ያኑርዎ። አሜን በሉ!

አሜን።

ቆይ፣ አትጠጡ! ብርጭቆአችሁን እንደያዛችሁ ተነሱ። ፕሮፌሰር፣ እጅዎን ይስጡኝ። ማሳው ታጥሯል አልኩዎት። አይተውታል?

አላዩትም።

ወጥተን እንየው።